አርባ ስምንት ባይት፦ የኤ.ቲ.ኤም. ኔትወርክ ሐሳብ፣ አሠራርና ዕጣ

በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ «ኤቲኤም» የሚለውን ቃል የሰማ ሰው ሐሳቡ የሚሄደው ወደ ባንክ ደጃፍ፣ ካርድ ወደሚጎርሰውና ብር ወደሚተፋው ማሽን ነው። በቴሌኮሙኒኬሽን ምሕንድስና ትምህርት ውስጥ ግን እነዚሁ ፊደላት የሌላ ነገር ስም ናቸው፤ ኤሲንክሮነስ ትራንስፈር ሞድ የተባለው፣ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የስልኩን፣ የቪዲዮውንና የኮምፒዩተሩን ግንኙነት ሁሉ በአንድ መረብ ይጠቀልላል ተብሎ የታመነበት የማስተላለፊያ ስልት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተማሪው ስለዚህ ስልት አብዛኛውን ጊዜ የሚያስታውሰው አንድ ቁጥር ነው፦ 53። ሴል የሚባለው የመረጃ እሽግ 53 ባይት ርዝመት አለው፤ 5ቱ ራስጌ፣ 48ቱ ጭነት ናቸው። ቁጥሩ ለፈተና ይጠናል፣ ከፈተና በኋላም ይረሳል። ነገር ግን እንግዳ ቁጥር ነው። በኮምፒዩተር ዓለም የተለመዱት መጠኖች ሁለትን በራሱ ደጋግሞ በማባዛት የሚገኙት 32፣ 64፣ 128 እና የመሳሰሉት ናቸው። 48 ከእነዚህ ወገን አይደለም፤ 53 ደግሞ ጭራሽ ከአንድና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ቁጥር ነው። «ለምን 48?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የራስጌውን ሰንጠረዥ ከሚሸመድደው ይልቅ ስለ ኤ.ቲ.ኤም. ብዙ ያውቃል፤ የዚህ ስልት ጥንካሬም ድካምም ከዚያ ቁጥር ውስጥ ይገኛልና።

ሁለት መረቦች

የስልክ መረብ የተሠራው ለሰው ድምፅ ነው። በዲጂታል ስልክ ድምፅ በሰከንድ 8000 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልኬትም በ8 ቢት ይጻፋል። ስለዚህ አንድ ውይይት በአንድ አቅጣጫ በሰከንድ 64,000 ቢት ይፈልጋል፤ በየ125 ማይክሮሰከንዱ አንድ ባይት ማለት ነው። ኢ-1 በሚባለው የአውሮፓ መስመር እያንዳንዱ 125 ማይክሮሰከንድ በ32 የጊዜ ክፍሎች ይከፈላል፤ የመስመሩ ጠቅላላ ፍጥነትም በሰከንድ 2.048 ሜጋቢት ይሆናል። የአንድ ባይት ባለቤት የሚታወቀው በቦታው ነው። በሰባተኛው ክፍል የመጣው ባይት የዚያ ክፍል ደዋይ ነው፤ ስም አያስፈልገውም። ነገሩ ወንበሩ በቁጥር እንደተያዘለት የባቡር መንገደኛ ነው። መንገደኛው ከቀረ ወንበሩ ባዶውን ይሄዳል እንጂ ለሌላ አይሰጥም።

ድምፅ ለዚህ ይመቻል፤ የሚመጣው በእኩል ፍጥነት ነውና። የኮምፒዩተር መረጃ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ለረጅም ጊዜ ዝም ይልና በድንገት እንደ ክረምት ጎርፍ ይወርዳል። ለጎርፉ የሚበቃ ስፋት በቋሚነት ቢያዝለት መስመሩ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ይሆናል፤ ለዝምታው የሚበቃ ብቻ ቢያዝለት ደግሞ ጎርፉ ይታገዳል። የፓኬት መረቦች የተወለዱት ከዚህ ችግር ነው። መረጃው እየተቆራረጠ በየፓኬቱ ላይ አድራሻ ይጻፍበታል፤ መስመሩም ለመጣው ሁሉ በተራ ያገለግላል።

የፓኬት መረብ በበኩሉ ለድምፅ ክፉ ጎረቤት ነበር። ምክንያቱ በቀላል ስሌት ይታያል። 1500 ባይት የሆነ አንድ ፓኬት 12,000 ቢት ነው፤ በ2.048 ሜጋቢት መስመር ላይ ለመውጣት 5.9 ሚሊሰከንድ ያህል ይወስዳል። ከኋላው የቆመ የድምፅ ናሙና ያንን ሁሉ ጊዜ ይጠብቃል፤ ፊቱ ሦስት እንደዚህ ያሉ ፓኬቶች ከተሰለፉ ከ17 ሚሊሰከንድ በላይ ይጠብቃል፤ ማንም ከሌለ ግን ወዲያው ያልፋል። ስልክን የሚጎዳው መዘግየቱ ብቻ አይደለም፤ መዘግየቱ ከናሙና ናሙና መለያየቱም ጭምር ነው።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንሳይ ላኒዮን በሚገኘው የብሔራዊ የቴሌኮሙኒኬሽን ጥናት ማዕከል ዣን-ፒየር ኩድረዝና ባልደረቦቹ፣ በአሜሪካም በቤል ላቦራቶሪ ጆናታን ተርነርን የመሳሰሉ ተመራማሪዎች፣ ለዚህ ችግር ተቀራራቢ መልስ ይዘው መጡ። የሁሉም መረጃ፣ ድምፅም ቢሆን ፋይል፣ እኩል ርዝመት ባላቸው ትንንሽ እሽጎች ይቆረጥ። እሽጉ አጭር ከሆነ ማንም ከማንም ኋላ ረጅም ጊዜ አይቆምም። ርዝመቱ እኩል ከሆነ ደግሞ ስዊቹን በሶፍትዌር ሳይሆን በቀጥታ በኤሌክትሮኒክ ዑደት መሥራት ይቻላል። ከላይ የተጠቀሰው 2.048 ሜጋቢት መስመር 53 ባይት የሆነ ሴልን በ0.21 ሚሊሰከንድ ገደማ ያሳልፋል። ከ5.9 ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ማብራሪያ አያሻውም።

እዚህ ላይ ስለ ስሙ አንድ ነገር መነሳት አለበት፤ ብዙ ተማሪ ይሳሳትበታልና። «ኤሲንክሮነስ» የተባለው ቢቶቹ ያለ ሰዓት ስለሚሄዱ አይደለም። ሴሎቹ በትክክል እየተከታተሉ ይጓዛሉ፤ የሚልከው ሲጠፋ እንኳ ባዶ ሴል ይገባል። ያልተመሳሰለው የባለቤቱ ተራ ነው። አንድ ደዋይ ወይም ኮምፒዩተር በፈለገው ጊዜ የተገኘውን ክፍት ሴል ይወስዳል፤ ማንነቱም የሚታወቀው እንደ ቀድሞው በቦታው ሳይሆን በራስጌው ላይ በተጻፈው መለያ ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌግራፍና የስልክ አማካሪ ኮሚቴ (ሲሲአይቲቲ) በ1988 ይህን ስልት የወደፊቱ ሰፊ ባንድ መረብ መሠረት እንዲሆን መረጠው። የቀረው ጥያቄ ትንሽ ይመስል ነበር፤ ሴሉ ስንት ባይት ይሁን?

ታክሲው እስኪሞላ

አንድ ሚኒባስ ታክሲ ከመነሻው የሚንቀሳቀሰው ሲሞላ ነው። መጀመሪያ የገባ ሰው የመጨረሻው ሰው እስኪመጣ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ረዳቱም የቀረውን ወንበር እየቆጠረ ይጣራል። መኪናው ትልቅ በሆነ መጠን ለአንድ ተሳፋሪ የሚደርሰው ወጪ ይቀንሳል፤ የመጀመሪያው ተሳፋሪ ጥበቃ ግን ይረዝማል። የሴል መጠን ክርክር ከዚህ የተለየ አልነበረም።

የድምፅ ባይት በየ125 ማይክሮሰከንዱ ነው የሚመጣው። 32 ባይት የሚይዝ ሴል ለመሙላት 4 ሚሊሰከንድ፣ 64 ባይት የሚይዝ 8 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። በሌላው ወገን የራስጌው ወጪ አለ። ራስጌው 5 ባይት ቢሆን በ32ቱ ሴል ላይ ከተላከው ሁሉ 13.5 በመቶው ራስጌ ነው፤ በ64ቱ ላይ 7.2 በመቶ ብቻ ነው። አውሮፓውያን፣ በተለይም ፈረንሳዮች፣ 32ን ፈለጉ። አሜሪካውያን 64ን ፈለጉ።

በመካከላቸው የነበረው የጥቂት ሚሊሰከንድ ልዩነት ይህን ያህል ያከራከረው በገደል ማሚቶ ምክንያት ነው። ከቤት የሚወጣው የስልክ መስመር ባለ ሁለት ሽቦ ነው፤ የረጅም ርቀቱ መስመር ባለ አራት ሽቦ ነው። ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ከድምፁ ጥቂቱ ይንጸባረቅና ወደ ተናጋሪው ጆሮ ይመለሳል። ቶሎ ከተመለሰ ተናጋሪው ከራሱ ድምፅ ሳይለየው ያልፋል፤ ከዘገየ ግን እያንዳንዱን ቃሉን መልሶ ይሰማዋል፣ መናገርም ይቸገራል። ለዚህ መድኃኒቱ የማሚቶ ማጥፊያ መሣሪያ ነው። አሜሪካ ሰፊ አገር ስለሆነች በረጅም መስመሮቿ ላይ መሣሪያውን አስቀድማ ተክላለች፤ ጥቂት ሚሊሰከንድ ቢጨመር አትጎዳም። ፈረንሳይ ግን የአገር ውስጥ ርቀቷ አጭር ነው። ሴሉ ትንሽ ከሆነ ያለ ማሚቶ ማጥፊያ መኖር ትችላለች፤ ትልቅ ከሆነ ግን በመላ አገሪቱ መሣሪያ መትከል ሊኖርባት ነው።

ስለዚህ በስብሰባው ላይ የተፋጠጡት ሁለት የቴክኒክ አስተያየቶች ብቻ አልነበሩም፤ ሁለት ካርታዎች ነበሩ። በ1989 ተሰብሳቢዎቹ የ32ንና የ64ን አማካይ ወሰዱ፤ 48። ለመሙላት 6 ሚሊሰከንድ፣ የራስጌ ወጪ 9.4 በመቶ። ከሁለቱ ወገኖች አንዱም የፈለገውን ቁጥር አላገኘም። በመስፈርት ታሪክ ውስጥ ስምምነት እንጂ ስሌት ያልወለደው ቁጥር ምሳሌ ቢፈለግ ከዚህ የሚሻል አይገኝም።

ሦስተኛ ካርታ ቢኖር ኖሮ ክርክሩ ሌላ መልክ ይኖረው እንደነበር መገመት አይከብድም። የዓለም አቀፍ ጥሪዋ በሱሉልታው የሳተላይት ጣቢያ በኩል ያልፍ ለነበረችው ለኢትዮጵያ የ4 ሚሊሰከንድ ጉዳይ ከቁም ነገር የሚገባ አልነበረም። ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለ ሳተላይት ወጥቶ የሚመለስ ድምፅ በአንድ አቅጣጫ ብቻ 250 ሚሊሰከንድ ያህል ይወስዳል። በእንዲህ ያለ መስመር ላይ ማሚቶ ማጥፊያ ግዴታ ነው፤ ውድ የሆነው ደግሞ የመስመሩ ስፋት ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ ከማሚቶው ይልቅ የራስጌው 9.4 በመቶ ይከብዳል።

የራስጌው ብልሃት

ቁጥሩ የስምምነት ልጅ ቢሆንም፣ በ5ቱ ባይት ውስጥ የተሠራው ሥራ የሚደነቅ ነው። በተጠቃሚና በመረብ መካከል ባለው መገናኛ ላይ ራስጌው 4 ቢት ለፍሰት መቆጣጠሪያ፣ 8 ቢት ለምናባዊ ጎዳና መለያ (ቪ.ፒ.አይ.)፣ 16 ቢት ለምናባዊ መስመር መለያ (ቪ.ሲ.አይ.)፣ 3 ቢት ለጭነቱ ዓይነት፣ 1 ቢት ለመጣል ቅድሚያ፣ 8 ቢት ለራስጌው ስሕተት መቆጣጠሪያ ይይዛል። በስዊችና በስዊች መካከል የፍሰት መቆጣጠሪያው ቀርቶ የጎዳናው መለያ 12 ቢት ይሆናል።

ከእነዚህ ውስጥ የተቀባዩም ሆነ የላኪው ሙሉ አድራሻ የለም። ኤ.ቲ.ኤም. እንደ ስልክ ነው፤ አስቀድሞ ይደወላል፣ መንገዱ ይዘረጋል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ሴሎቹ ይጓዛሉ። መለያው የሚያገለግለው በሁለት ስዊቾች መካከል ብቻ ነው። ስዊቹ «በ3ኛው በር፣ መለያው 72 የሆነ ሴል መጣ» ሲባል ሠንጠረዡን ተመልክቶ «በ5ኛው በር፣ መለያው 41 ሆኖ ይውጣ» ይላል። መለያው በየጣቢያው ይለዋወጣል። አጭር ቁጥር ስለሆነም ፍለጋው እንደ ኢንተርኔት አድራሻ ረጅም ንጽጽር አይጠይቅም፤ ቁጥሩ በቀጥታ የሠንጠረዡ መስመር ይሆናል። ጎዳናውና መስመሩ የተለዩትም በምክንያት ነው። ብዙ ምናባዊ መስመሮች በአንድ ጎዳና ታስረው ሲሄዱ መካከል ያለው ስዊች ጎዳናውን ብቻ ያያል፤ የየመስመሩን ዝርዝር አያውቅም፣ ማወቅም አይኖርበትም።

ይበልጥ ሊደነቅ የሚገባው ግን የመጨረሻው ባይት ነው። አንድ ተቀባይ መስመር ላይ ሲገባ የሚያየው የማያቋርጥ የቢት ጅረት ነው። ሴሉ የት ይጀምራል? በሴሎች መካከል የድንበር ምልክት የለም፤ ምልክት ማስገባት ተጨማሪ ወጪ ነበርና። ንድፍ አውጪዎቹ የስሕተት መቆጣጠሪያውን ባይት ለሁለተኛ ሥራ አዋሉት። ይህ ባይት ከፊቱ ካሉት 4 ባይቶች በስሌት የሚገኝ ነው። ተቀባዩ ከዘፈቀደ ቦታ ተነስቶ አምስት ባይት ይይዛል፤ አምስተኛው ከአራቱ ስሌት ጋር ካልተስማማ አንድ ቢት ወደፊት ይንሸራተታል፤ እንደገና ይሞክራል። ሲስማማ ድንበሩን ያገኘ ይመስላል፤ ነገር ግን በአጋጣሚ የመስማማት ዕድሉ ከ256 አንድ ስለሆነ ወዲያው አያምንም። ልክ 53 ባይት ቆጥሮ ቀጣዩን ይፈትሻል። በኤስ.ዲ.ኤች. መስመር ላይ በተከታታይ 6 ጊዜ ሲስማማ ብቻ ድንበሩን አገኘሁ ይላል፤ ካገኘ በኋላም በተከታታይ 7 ጊዜ ካልተሳሳተበት በቀር አይለቅም። ጭነቱ በተንኮል ወይም በአጋጣሚ ራስጌ መስሎ እንዳያታልል አስቀድሞ ይበጠበጣል፤ ተቀባዩም መልሶ ያስተካክለዋል። ይኸው ባይት ድንበሩ ከታወቀ በኋላ በራስጌው ላይ የተፈጠረ የአንድ ቢት ስሕተት ካለ ያርማል። በአንድ ባይት ሦስት ሥራ ማሠራት ቀላል ነገር አይደለም።

ስለ አገልግሎት ጥራት የተጻፈው ብዙ ነው፤ እዚህ ባጭሩ ይበቃል። ተጠቃሚው መስመር ሲጠይቅ ውል ይገባል። ፍሰቱ ቋሚ ነው፣ ተለዋዋጭ ነው፣ የተረፈውን ስፋት እየተከተለ ይጨምራል ይቀንሳል፣ ወይም ምንም ዋስትና አይሻም። መረቡ ውሉን የሚቆጣጠረው ቀዳዳ ባለው እንስራ ምሳሌ ነው። ሴል ሲመጣ እንስራው ውስጥ ይጨመራል፤ ከታች በእኩል ፍጥነት ይንጠባጠባል፤ ሞልቶ ከፈሰሰ ውሉ ተጥሷል። ያኔ ሴሉ ይጣላል፣ ወይም የመጣል ቅድሚያ ቢቱ ይበራበትና መረቡ ሲጨናነቅ መጀመሪያ ይሰናበታል።

መረጃ የከፈለው ዋጋ

ኤ.ቲ.ኤም. በስልክ መሐንዲሶች ዓይን የተነደፈ ነው። በተግባር ግን አብዛኛው የተጫነበት የኢንተርኔት ፓኬት ሆነ። ፓኬቱን ወደ ሴል የሚቆርጠው፣ አምስተኛው የማስማሚያ ንብርብር የተባለው ስልት፣ በፓኬቱ መጨረሻ 8 ባይት ይጨምራል፤ ጠቅላላው የ48 ብዜት እስኪሆንም ባዶ ባይት ይሞላል። የመጨረሻው ሴል መሆኑ በራስጌው የጭነት ዓይነት ቢት ይታወቃል።

ይህ በወረቀት ላይ ንጹሕ ነው። ወደ ቁጥር ሲመጣ ግን እንዲህ ነው። 1500 ባይት ፓኬት፣ ከፕሮቶኮል መለያው 8 ባይትና ከመጨረሻው 8 ባይት ጋር 1516 ይሆናል፤ 32 ሴል ይፈልጋል፤ መስመሩ ላይ 1696 ባይት ይወጣል። ከዚህ 11.6 በመቶው የፓኬቱ አይደለም። በኢንተርኔት ላይ እጅግ በብዛት የሚገኘው «ደርሶኛል» የሚለው የቲሲፒ መልስ ደግሞ 40 ባይት ነው። ከ16ቱ ጭማሪ ጋር 56 ይሆናል፤ በ8 ባይት ብቻ ከ48 ስለሚበልጥ ሁለት ሴል፣ 106 ባይት ይይዛል። የፕሮቶኮል መለያውን መተው በሚቻልበት አሠራር ግን 40 ሲደመር 8 በትክክል 48 ነው፤ አንድ ሴል ይበቃዋል። በአንድ የማዋቀሪያ ምርጫ ወጪው በግማሽ ይቀንሳል። መሐንዲሶች ይህን ሁሉ «የሴል ግብር» ብለው ጠሩት፤ ስሙም ጸናበት።

ከግብሩ የከፋ ችግርም ነበር። አንድ ፓኬት በ32 ሴሎች ተቆራርጦ ሲጓዝ ከመካከላቸው አንዱ ቢጠፋ ተቀባዩ ፓኬቱን በሙሉ ይጥለዋል። የቀሩት 31 ሴሎች ግን ይህን አያውቁም፤ የተጨናነቀውን መስመር ይዘው እስከ መጨረሻው ይጓዛሉ፤ ደርሰውም ይጣላሉ። መረቡ ሥራ የበዛበት ይመስላል፤ የሚያደርሰው ግን ጥቂት ነው። አሊን ሮማናውና ሳሊ ፍሎይድ በ1995 ባሳተሙት ጥናት ይህን አሳይተው መፍትሔ አመለከቱ። የስዊቹ ማቆያ ከተወሰነ ደረጃ ሲያልፍ አዲስ የሚመጣን ፓኬት ከመጀመሪያው ሴል ጀምሮ በሙሉ መጣል፤ ጀምሮ ከመቁረጥ አለመጀመር። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሆኖም ስለ ሴል ብቻ ያውቅ የነበረው ስዊች ስለ ፓኬት እንዲያውቅ ያስገድደዋል። የንብርብሮቹ ግድግዳ ተነቃነቀ ማለት ነው።

ጊዜው ይህን ሁሉ አላመለከተም ማለት አይቻልም። በ1991 የተመሠረተው የኤ.ቲ.ኤም. ፎረም በመሣሪያ አምራቾችና በቴሌኮም ድርጅቶች ተሞልቶ ነበር። ሴሉ ከአገር አቀፉ መስመር አንስቶ እስከ ጠረጴዛው ኮምፒዩተር ድረስ እንዲደርስ ታቀደ፤ ለዚህም በሰከንድ 25.6 ሜጋቢት የሚሠራ ካርድ ተሠራ። በ1995 ግን 100 ሜጋቢት ኢተርኔት፣ በ1998 ደግሞ ጊጋቢት ኢተርኔት መስፈርት ወጣላቸው። ርካሽ ነበሩ፤ ጥሪ መዘርጋትም ውል መግባትም አይጠይቁም። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ፉክክር በዚያው አበቃ።

በዋናው መስመር ላይ ያሸነፈው ግን ሌላ ምክንያት ነው፤ እሱም በመጀመሪያው ስሌት ውስጥ ተሸሽጎ የቆየ ነው። ትንሽ ሴል ያስፈለገው 1500 ባይት ፓኬት መስመሩን 5.9 ሚሊሰከንድ ስለሚይዝ ነበር። በ155.52 ሜጋቢት መስመር ላይ ይኸው ፓኬት 77 ማይክሮሰከንድ ብቻ ይወስዳል። በ10 ጊጋቢት ላይ 1.2 ማይክሮሰከንድ ነው፤ በሰው ጆሮ ዘንድ ምንም ማለት ነው። መስመሩ ሲፈጥን ችግሩ ራሱ ቀለጠ፤ ግብሩ ግን ባለበት ቀረ። ከዚያም በላይ በ10 ጊጋቢት አንድ ሴል 42.4 ናኖሰከንድ ብቻ ስለሚወስድ፣ ፓኬት የሚቆራርጠውና የሚሰፋው ዑደት በሰከንድ ከ23 ሚሊዮን በላይ ሴል ማስተናገድ ነበረበት። ለማፍጠን የተፈጠረው ትንሽነት ፍጥነቱን የሚይዝ ልጓም ሆነ።

በሐሳብ ደረጃ ምርጡ ክፍል ግን አልሞተም። አስቀድሞ የተዘረጋ መንገድ፣ አጭር መለያ፣ በየጣቢያው የመለያ ልውውጥ፤ እነዚህን ይዞ ሴሉን የተወው ኤም.ፒ.ኤል.ኤስ. በ2001 መዋቅሩ በመስፈርት ጸደቀ። መለያው 20 ቢት ነው፤ የፓኬቱ ርዝመት እንደፈለገው ነው።

ኤ.ቲ.ኤም. ረጅሙን ዕድሜውን ያሳለፈው ማንም ባላሰበለት ቦታ፣ ከቤት ስልክ ሽቦ ላይ ነው። የኤ.ዲ.ኤስ.ኤል. ሞደም በአብዛኛው ከውስጥ የሚልከው ሴል ነው። በኢትዮጵያም ሆነ በሌላ አገር እንዲህ ያለ ሞደም በእጁ ያዋቀረ ሰው ቪ.ፒ.አይ.ና ቪ.ሲ.አይ. የሚሉ ሁለት ሣጥኖች አይቷል፤ ከአገልግሎት ሰጪው የተሰጠውን ቁጥር ሞልቶ አልፏል። በዚህ ቦታ እንኳ ትንሽ ሴል ትርጉም ሊኖረው ይችል ነበር። ወደ ላይ 128 ኪሎቢት በሆነ መስመር 1500 ባይት ፓኬት ወደ 94 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፤ ሴል ግን 3.3 ሚሊሰከንድ ብቻ። ሆኖም ተጠቃሚው ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው አንድ ምናባዊ መስመር ነው፤ በአምስተኛው የማስማሚያ ንብርብር ደግሞ በአንድ መስመር ላይ ያሉ የሁለት ፓኬቶች ሴሎች መጠላለፍ አይችሉም፤ ሴሉ የየትኛው ፓኬት እንደሆነ የሚለይ ምልክት የለውምና። ስለዚህ የድምፅ ፓኬቱ እንደ ጥንቱ ከትልቁ ፋይል ኋላ 94 ሚሊሰከንድ ይቆማል። ግብሩ ተከፈለ፤ ግብሩ የተከፈለበት አገልግሎት ግን አልተሰጠም።

ይህ ታሪክ የምርምር ርዕስ በመምረጥ ላይ ላለ ተማሪ ባዕድ አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተረፈውን ስፋት ስለሚከተለው የአገልግሎት ዓይነት፣ በተለይም ስዊቹ ለላኪው ፍጥነቱን በየስንት ጊዜው ይንገረው በሚለው ላይ፣ እጅግ ብዙ መመረቂያ ጽሑፎች ተሠርተዋል። ስልቱ ገበያ ሲያጣ አብዛኞቹ አንባቢ አጡ። የቀሩት በሴሉ ላይ ያልተንጠለጠሉት ናቸው። ፓኬትን በሙሉ መጣል፣ ወረፋ ሳይሞላ አስቀድሞ ማስጠንቀቅ፣ ውልን በእንስራ መለካት፤ እነዚህ ዛሬም በራውተሮች ውስጥ ይሠራሉ፣ ዛሬም ይጠናሉ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ራሱ፣ ማለትም አስቸኳዩ አጭር መልእክት ከረጅሙ ኋላ ለምን ይቆማል የሚለው፣ በፋብሪካና በተሽከርካሪ ውስጥ መረቦች ላይ ተመልሶ መጥቷል። በ100 ሜጋቢት ኢተርኔት ላይ 1500 ባይት ፓኬት 120 ማይክሮሰከንድ ይይዛል፤ ለሰው ጆሮ ምንም የሆነው ይህ ጊዜ ለሞተር መቆጣጠሪያ ብዙ ነው። በ2016 የወጡት የአይ.ትሪፕል.ኢ. 802.1ኪውቢዩ እና 802.3ቢአር መስፈርቶች ረጅሙን ፍሬም በመካከሉ አቋርጦ አስቸኳዩን ማሳለፍ፣ ከዚያም የተቋረጠውን መቀጠል ይፈቅዳሉ። ሁሉም አይቆረጥም፤ የሚቆረጠው አስቸኳይ ሲመጣ ብቻ ነው። ቁራጩም ከ64 ባይት በታች እንዲሆን አይፈቀድም።